ለሽንት ቤታችን የተጠሩት ምስክር

አንድ ቀን ዳይሬክተራችን መምህር ጌታነው ጠዋት ሰልፍ ላይ ወጥቶ «ተማሪዎች፣ ደስ የሚል ዜና አለኝ» አለን። ባለፈው ዓመት ደስ የሚል ዜና አለኝ ብሎ የነገረን የደንብ ልብሳችን ቀለም መቀየሩን ስለነበረ ማንም አልጓጓም። «ለሴቶች ሽንት ቤት ሊሠራልን ነው» ሲል ግን ሴቶቹ በሙሉ አንገታችንን አሰገግን።

አሁን ያለን ሽንት ቤት በር የለውም። በሩ የጓደኛሽ ሹራብ ነው። ጓደኛሽ ዘርግታ ትይዝልሻለች፣ አንቺ ቶሎ ትጨርሻለሽ። ጓደኛሽን ሳቅ ከያዛት አለቀልሽ። እኔን ሦስት ጊዜ ሳቅ ይዞኛል፣ ጓደኛዬ ፅዮን እስካሁን አታናግረኝም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ጠዋት ውሃ ሳንጠጣ ነው የምንመጣው። የወር አበባ ሲሆን ደሞ ጭራሽ አንመጣም። ታላቅ እህቴ ትምህርት ያቆመችው በዚህ ነው አልልም፣ መቅረት የጀመረችው ግን በዚህ ነው።

የሚያሠራልን «የድልነሳው መታሰቢያ ፋውንዴሽን» ነው። አቶ ድልነሳው የኛው የዋንዛ በር ከተማ ሰው ናቸው፤ ወፍጮ ቤት ነበራቸው፣ እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት። ልጃቸው አቶ ኤርሚያስ አዲስ አበባ ሄደው ሀብታም ሆኑና በአባታቸው ስም ፋውንዴሽን አቋቋሙ። ፋውንዴሽኑን ማማት አልችልም። አንዱ ወረዳ ላይ ለሽማግሌዎች የዓይን ሞራ ያስገፍፋል፣ ሌላው ጋ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ልብስ ስፌት ያስተምራል፣ አንድ ቦታ ደሞ ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል፣ ቁልፉ የጠፋ ቢሆንም። እኛ የሞላነው ፎርም ላይ ግን ሽንት ቤት የሚል ነገር የለም። ትምህርት፣ ጤና፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ኪነ ጥበብ፣ አንዱን ምረጡ ይላል። መምህር ጌታነው ሦስቱን መረጠ። ኪነ ጥበብን የተወው የስዕል አስተማሪያችን ስለሳቀበት ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ፋውንዴሽኑ አሥረኛ ዓመቱን በፊልም ሊያከብር ነው። ስለዚህ እርዳታ የሚፈልግ ሁሉ አቶ ድልነሳውን በአካል የሚያውቅ አንድ ሰው ማምጣት አለበት። ሰውየው ካሜራ ፊት ተቀምጦ ሟቹ ያደረጉትን አንድ ደግ ነገር ይናገራል። አንድ ብቻ። ሌሎች ከተሞች ላይ ይሄ ቀላል ነበር አሉ፤ እዚያ አቶ ድልነሳውን በደንብ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም ደግነታቸውን ያስታውሳል።

ዋንዛ በር ላይ ግን በደንብ ይታወቃሉ። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። አንዱ ቅርንጫፍ ከአጥሩ አልፎ መንገዱ ላይ ጥላ ጣለና ከገበያ የሚመለስ ሰው እሱ ሥር ማረፍ ጀመረ። አቶ ድልነሳው ሁለት ቀን አዩ፣ በሦስተኛው ቀን ቅርንጫፉን አስቆረጡት። ሬዲዮ ሲከፍቱም ጎረቤት በነፃ እንዳይሰማ ብርድ ልብስ ያለብሱት ነበር ይባላል።

መምህር ጌታነው ሽማግሌዎቹን በየቤታቸው ዞረ። አንደኛው «አንድ ጊዜ ቆመው ሰላም ብለውኛል፣ ግን ሌላ ሰው መስያቸው ነው» አሉት። ሌላኛው ላስብበት ብለው አንድ ሳምንት ለመኑት። ሳምንቱ ሲያልቅ ደሞ አንድ ወር ጨምርልኝ አሉ።

ፎርሙን የምሞላው እኔ ነበርኩ፣ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ። «የምስክሩ ስም» የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ሁለት ሳምንት ቆየ። መጨረሻ ላይ መምህር ጌታነው ደክሞት «በቃ አንቺ ሰፈር ሽማግሌ ካለ ጻፊው» ብሎኝ ወደ ስብሰባ ሄደ። እኔም አባባ ደምሰውን ጻፍኳቸው።

አባባ ደምሰው ጎረቤታችን ናቸው። አቶ ድልነሳው ወፍጮ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ ስለዚህ ከሳቸው በላይ ሟቹን የሚያውቅ የለም። ችግራቸው አይዋሹም። ትንሽም አይዋሹም። ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ አጠገባቸው መቆም የሚፈልግ ሰው የለም። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ የነበሩ» የሚለው ጋ ሲደርስ ጮክ ብለው «ማን?» ብለው ይጠይቃሉ።

ለምን እሳቸውን ጻፍሽ ብትሉኝ፣ ግማሹ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ግማሹ ምን እንደሚሉ ለመስማት ነው። መምህር ጌታነው «ሰውየው ሟቹን ይወዷቸው ነበር?» ሲለኝ «ኧረ መምህር፣ ስማቸው ሲነሳ እንባቸው ይመጣል» አልኩት። እውነቴን ነው። ሲስቁ እንባቸው ይመጣል።

የፋውንዴሽኑ እንግዶች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው መምህር ጌታነው ምስክሩን ላለማምዳቸው ብሎ ወደ ሰፈራችን መጣ። እኔ ነኝ የመራሁት። አባባ ደምሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መጥረቢያ እጀታ ይጠርባሉ። ነገሩን ከጀመረላቸው በኋላ ቢላቸውን አስቀምጠው አዩት።

«የድልነሳውን ደግነት?» አሉት።

«አዎ አባባ። አንድ ብቻ።»

ሳቅ ያዛቸው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። መምህር ጌታነው ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ።

«ማህደር፣ ምን አደረግሽኝ?»

«ይመጣል አላልኩም እንባቸው?»

ከዚያ ልመና ጀመረ። «አባባ፣ ለልጆቹ ብለው ነው። ይቺ ልጅ የምትጠቀምበት ሽንት ቤት እኮ በር የለውም። ትንሽ ነገር ይበሉልን። ለአንድ ለማኝ ምጽዋት ሲሰጡ አይቻለሁ ቢሉ ምን ይሆናሉ?»

«ለማኙ ስሙ ማነው?»

«እኔ እንጃ፣ ዝም ብለው አንድ ለማኝ ይበሉ።»

«ያልኖረ ለማኝ፣ ያልተሰጠ ሳንቲም። በሰባ ስምንት ዓመቴ ለሽንት ቤት ብዬ ውሸት ልጀምር?»

«ታዲያ ይቀራሉ?»

አባባ ደምሰው እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ ነው ቀልዱ የጠፋብኝ። «አንቺ ነሽ ስሜን የጻፍሽው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«በር የለውም የሚለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ቢላቸውን አነሱ። «እመጣለሁ። አልዋሽም፣ እመጣለሁ።»

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ መምህር ጌታነው «ይሄ ነገር ከተበላሸ ለሴቶቹ የምታስረጂው አንቺ ነሽ» አለኝ። ከሴቶቹ አንዷ ደሞ ፅዮን ናት፤ እሷ አንድ ሰበብ ብቻ ነው የምትፈልገው።

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ከእድሩ የፕላስቲክ ወንበር መጣ። ከፊት ለፊት ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ የአቶ ድልነሳው ፎቶ፣ ከሥሩ የፋውንዴሽኑ ምልክት። ምልክቱ ምን መሰላችሁ? ጥላው የሰፋ ዛፍ። የዋንዛ በር ሽማግሌዎች በየተራ ባነሩን እያዩ ወደ መሬት ያቀረቅሩ ነበር።

አቶ ኤርሚያስ መጡ። እኔ ወፍራምና ኩሩ ሰው ጠብቄ ነበር። ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ሲጨብጡን ሁለት እጃቸውን የሚሰጡ ሰው ናቸው። ፊልም የምትቀርጸው ልጅ ሊዲያ ትባላለች፤ አባባ ደምሰውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ጋቢያቸው ላይ ማይክ ሰካች።

«አባባ፣ አቶ ድልነሳው ለዚህ ከተማ ያደረጉትን አንድ ደግ ነገር ይንገሩን።»

አባባ ደምሰው ባነሩ ላይ ያለውን ፎቶ አዩ። ካሜራው ይቀርጻል። መምህር ጌታነው ከካሜራው ኋላ ሆኖ በእጁ ምጽዋት የመስጠት ምልክት ያሳያቸዋል።

«ጊዜ ስጪኝ ልጄ» አሉ። «እየፈለግኩ ነው።»

ሊዲያ ፈገግ አለች። «በዝቶብዎት ነው አይደል? የቱን ልበል ብለው?»

«አይ፣ እሱ አይደለም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። የኔ አይደለም፣ እግዚአብሔርን። እኔ ሹራቤን ነክሼ ነበር።

አባባ ደምሰው ውሃ ጠጡ። ጠጥተው ሲጨርሱም ገና እየፈለጉ ነበር። ሴት ተማሪዎቹ በአንድ በኩል ተሰልፈናል፤ ፅዮን በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። «ያንቺ ምስክር» አለች፣ ከስንት ወር በኋላ ያወራችኝ የመጀመሪያ ቃል።

ይሄኔ አቶ ኤርሚያስ ተነሱ። ፊታቸው ቀልቷል። ሊዲያን ገለል አድርገው ራሳቸው አባባ ደምሰው ፊት ለፊት ቆሙ።

«ጋሽ ደምሰው፣ እኔን ያውቁኛል። ልጅ ሆኜ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ እየተጫወትኩ ነው ያደግኩት።»

«አውቅሃለሁ። ዱቄት ለብሰህ ትወጣ ነበር።»

«እንግዲያው ልጠይቅዎት። ሌላ ቦታ የሚያወሩት ሁሉ አባቴን አይመስለኝም። ለማኝ ሲያበሉ፣ ድሀ ሲያለብሱ ይሉኛል፤ እያዳመጥኩ ይሄ የማን አባት ነው እላለሁ። እርስዎ አይዋሹም አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረዋቸው ሠርተዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት አባቴ ለዚህ ከተማ አንድ ነገር እንኳን አልሰጡም? ካልሰጡ፣ አልሰጡም ይበሉኝ። በስማቸው ተክዬ የምሄደው ሁሉ ውሸት ከሆነ፣ እዚሁ ላቁመውና ወደ ቤቴ ልመለስ።»

መምህር ጌታነው እጁን አወረደ። እኔ በልቤ «አባባ፣ ዛሬ አንድ ቀን ብቻ ይዋሹ» አልኩ፤ በሹራብ ስለተጋረድኩባቸው ቀኖች ሁሉ ብለው።

አባባ ደምሰው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ሰጥተዋል» አሉ።

«ምን ሰጡ?»

«አባትህ ለዚህ ከተማ አንድ ነገር ሰጥተዋል። አንተን።»

መጀመሪያ ያጨበጨበው መምህር ጌታነው ነው፤ እያጨበጨበ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ የሱ ደሞ የሳቅ አይደለም። ሕዝቡ ተከተለው፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሊዲያ «ቆንጆ፣ ቆንጆ፣ በቃን» አለች። አቶ ኤርሚያስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ጎንበስ ብለው የአባባ ደምሰውን ትከሻ ሊስሙ ሲሉ ሽማግሌው እጃቸውን ያዟቸው።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉ። «ገንዘባቸውን ይዘህ እንዲህ እንደምትበትነው ቢያውቁ ኖሮ፣ አንተንም አይሰጡንም ነበር።»

ፊልሙ ላይ የገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን እኔና ፅዮን አዲሱ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ በውስጥ በኩል በጥሩ ጽሕፈት ጽፈነዋል፣ ሊመርቁ የመጡት አቶ ኤርሚያስም አንብበው ሲወጡ «እንዳታጠፉት» ብለውናል።