ሦስት ልጅ በአንድ ደብተር

በአንድ ወቅት፣ ሦስት ተማሪ በአንድ ዴስክ በሚቀመጥበት ትምህርት ቤት፣ ስንዱ የምትባል የሳይንስ መምህርት ነበረች። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ግን መልአኩ በደንብ አስቦበት ነው ያወጣው። ከቦርሳዋ መቀስ፣ ማጣበቂያ፣ ማስመሪያና የተቀረጸ እርሳስ ጠፍቶ አያውቅም። የሚጎድላት ትዕግሥት ብቻ ነበር፤ የተዝረከረከ ደብተር ስታይ ደሟ ይፈላል።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ደብተር የሚያውቁት ሰሌዳ ላይ ያለውን ለመገልበጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ በመስከረም አዲስ ደንብ አወጣች። ለእያንዳንዱ ዴስክ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አደለችና እንዲህ አለች፦

«የቀኙ ገጽ የእኔ ነው፤ የማስተምራችሁን ትጽፉበታላችሁ። የግራው የእናንተ ነው። ያያችሁትን ሳሉበት፣ ያልገባችሁን ጠይቁበት፣ ቅጠልም ዘርም ለጥፉበት። ገጹ ሁሉ ቁጥር ይኑረው፤ ፊት ላይ ማውጫ ይኑረው። ደብተሩ በየዓርቡ ቤት ይቀይራል።»

«ቲቸር፣ ለሦስት ሰው አንድ ደብተር?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብላ ዝም አሰኘችው። አንድ ሎሚ ለሦስት ሰው ሲሆን ምን እንደሚባል ግን ተረቱ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ካሉት ዴስኮች ሁሉ በመስኮቱ በኩል ያለው ሦስተኛው ዴስክ ልቧን ወሰደው። እዚያ አዝመራው፣ ዓይናዲስና ምንይችል ይቀመጣሉ።

አዝመራው የእጅ ጽሕፈቱ የተመሰገነ ነው። የቀኙን ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሱ ጻፈው። ቁጥር ያልሰጠው ገጽ፣ ቀን ያልጻፈበት ትምህርት፣ ማውጫው ውስጥ ያላስገባው ርእስ የለም። ወባ ይዞት ሦስት ቀን የቀረ ጊዜ እንኳ ያመለጠውን ከሌላ ዴስክ ለምኖ አሟላ። ከራሱ አመንጭቶ ግን አንድ ጥያቄ አልጻፈም።

ዓይናዲስ የግራውን ገጽ ያዘች። ጽሕፈቷ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ሥዕሏ ግን ያናግራል። ባቄላ በብርጭቆ ውስጥ በእርጥብ ጥጥ ላይ አብቅላ፣ አሥር ቀን ሙሉ የሥሩንና የግንዱን እድገት በየማለዳው ሳለች። ከየሥዕሉ ሥር ጥያቄ አለ፤ አንዳንዱን ስንዱ ራሷ መጽሐፍ ሳትገልጥ አትመልሰውም። በቀኙ ገጽ ግን ዓይናዲስ አንድ መስመር አልጻፈችም።

ምንይችል ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ ለእሱም በደንብ አልገባውም። ብርጭቆ ሲፈለግ ብርጭቆ፣ ጥጥ ሲፈለግ ጥጥ ያመጣል፤ የተጻፈውን ያነባል፣ ይስቃል፣ ኳስ ሲሰማ ይሮጣል። ስንዱ ብዙ ጊዜ ተቆጥታዋለች።

ግንቦት ሲገባ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣ። ከየወረዳው በደብተር አያያዝ አንደኛ የወጣ ተማሪ፣ ክረምቱን በሙሉ በቤተ ሙከራ ይሠለጥናል፤ ማደሪያውና ምግቡ ከዚያው ነው። ከሦስቱ ልጆች ማይክሮስኮፕ በሥዕል እንጂ በዓይኑ ያየ የለም። ደብዳቤው ሲነበብ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። የዚያን ቀን ምንይችል እንኳ ለኳስ አልወጣም።

ደብተሩ ሊላክ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሦስቱ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆመው ስንዱን ጠበቋት። የአዝመራው ዓይን በልቅሶ አብጧል።

«ምን ሆናችሁ?»

«ቲቸር፣ ደብተሩ ቆሎ ሆነ» አለ ምንይችል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዓርብ ዕለት ደብተሩን የመውሰድ ተራው የምንይችል ሆኖ ሳለ፣ እሱ «ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ ወደ ሜዳ ሮጠ። አዝመራው ቤቱ ወስዶ የመጨረሻዋን ገጽ ሞላና ደስታውን መያዝ አቅቶት «እማዬ፣ ደብተሩ አለቀ!» ብሎ ጮኸ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ልጁ «አለቀ» ሲል ሠርቼ ጨረስኩት ማለቱ ነበር። እናቱ የሰማችው ግን ማንኛዋም እናት የምትሰማውን ነው። ያለቀ ደብተር ምን ይሠራል? ቆሎ ይጠቀለልበታል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጇ ሳይነሣ፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ለምትሸጠው ለማንጠግቦሽ ወስዳ በነጻ ሰጠቻት።

አዝመራው እኩለ ቀን ላይ ነቅቶበት ሲደርስ ሴትዮዋ ከመሐል፣ ሽቦው ካለበት፣ ሃያ ሉክ ገንጥላ ነበር። ጥቂቱን ለራሷ ቤት ቆሎ ቋጥራበታለች፤ ሌላው በየመንገደኛው እጅ ሄዷል።

ስንዱ ተቀመጠች። የሃያ ዓመት መምህርት ናት፤ በተማሪ ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ለጥቂት ነው የተረፈችው። «በቃ ልጆች፣ ለዚህ ዓመት አልሆነም» አለች።

«ኧረ ቲቸር፣ ሰባቱን አግኝቻለሁ» አለ ምንይችል፤ ከሸሚዙ ሥርም ቆሎ ቆሎ የሚሸት፣ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው ያደረጉትን ስንዱ በዓይኗ አይታለች።

አዝመራው የተረፈውን ሠላሳ ሉክ ዘርግቶ በገጽ ቁጥሩና በማውጫው እያስተያየ የጎደለውን አንድ በአንድ ለየ። ከሠላሳ አንድ እስከ ሰባ ያለው ገጽ ነው የጠፋው፤ በየትኛው ላይ ምን እንደነበረ ማውጫው ይናገራል። ያን ዝርዝር ለምንይችል ሰጠው። ያ ቁጥር ባይኖር ኖሮ፣ ከከተማው ወረቀት ሁሉ የእነሱን ማን ይለየው ነበር? የተገኘውንም በየቦታው መልሶ፣ የቆሸሸውን የቀኝ ገጽ እንደገና ጽፎ አብሮ ለጠፈው።

ምንይችል ከተማውን አሰሰ። መናኸሪያው ውስጥ ከወንበር ሥር ለቀመ፣ የአውቶቡስ ረዳቶችን ለመነ፣ ጫማ ጠራጊዎቹን ጠየቀ። ማንጠግቦሽን ለራት ወደ ቤቷ የወሰደችውን ሲጠይቃት «ታዲያ እኔ በምን ልጠቅልል?» አለችው።

«እትዬ፣ ወረቀት በወረቀት» አላት። የራሱን የሒሳብ፣ የአማርኛና የጂኦግራፊ ደብተር አምጥቶ ሰጣት። በዚህ ዓይነት በአሥር ቀን ውስጥ ከሃያው አሥራ ስምንቱን አስመለሰ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሲደርስ ግን የሚያጠናበት ደብተር አልነበረውም፤ ከሃያኛ ወደ ሃምሳ አንደኛ ወረደ። አባቱ የተናገሩትን እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ያልተገኙት ሁለቱ ሉኮች የባቄላው ነበሩ። ምናልባት በአውቶቡስ ሄደው ይሆናል። ዓይናዲስን «እያስታወስሽ ሳዪው፤ ማን ያውቅብሻል?» ብለው የመከሯት ነበሩ። እሷ ግን «ያላየሁትን ቀን አልጽፍም» ብላ አዲስ ባቄላ ተከለች። በችኮላ ገልብጣ ነበር የተከለችው። ሥሩ ወደ ላይ ብቅ ብሎ፣ ትንሽ ሄዶ፣ ተጠማዞ ቁልቁል ሲወርድ አየች። አሥር ቀን ሳለችውና ከሥዕሉ በታች እንዲህ ጻፈች፦ «ዓይን የሌለው ባቄላ ታች በየት በኩል እንደሆነ በምን አወቀ?»

ደብተሩ፣ እንዴት ጠፍቶ እንደተመለሰ ስንዱ ከጻፈችው ማስታወሻ ጋር፣ ወደ ወረዳው ሄዶ አንደኛ ወጣ። የገምጋሚዎቹ ደብዳቤ ለስንዱ ደስታም ዱብ ዕዳም ሆኖ መጣ። «ገጹና ማውጫው እጅግ የተደራጀ ነው» ይላል አንዱ መስመር። «የባቄላው ጥያቄ በዚህ ዓመት ካየናቸው ሁሉ ይበልጣል» ይላል ሁለተኛው። «ከጠፋበት ለማስመለስ የተከፈለው መሥዋዕትነት ከደብተሩ የማይተናነስ ትምህርት ሆኖልናል» ይላል ሦስተኛው። ከዚያ በታች አንድ ክፍት ቦታ አለ፦ «የደብተሩ ባለቤት ሙሉ ስም»።

ስንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስልክ ደወለች። «ባለቤቶቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ቢመጡስ?»

«እመቤቴ፣ ያለን አልጋ አንድ ነው» አላት በስልኩ ወዲያ ያለው ሰው። በትሕትና ነው ያላት፤ አልጋው ግን አልበዛም። ዕጣ ልታወጣ አሰበችና ተወችው። የዓመት ልፋትን ለዕጣ መስጠት ከፍርድ መሸሽ መስሎ ታያት።

ልጆቹን አስጠራቻቸው። «እውነቱን ንገሩኝ። ማን ይሂድ?»

«እኔ» አለ አዝመራው። «ቲቸር፣ ያዘዙንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ሳላጓድል የፈጸምኩ እኔ ነኝ። የጠፋው በእኔ አፍ ነው፤ አልክድም። የተገኘው ግን በእኔ ቁጥር ነው።»

«እኔ» አለች ዓይናዲስ። «የቀኙ ገጽ የእርስዎ ነው ብለዋል። የእኛ የተባለው የግራው ነው፤ እሱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቤተ ሙከራ የሚገባ ሰው ጥያቄ ይዞ ይገባል።»

«እኔ ብዙ አልጻፍኩም» አለ ምንይችል። «ተራዬን ጠብቄ ወስጄው ቢሆን ኖሮ ባልጠፋ ነበር። ግን እነሱ ሲያለቅሱ የሮጥኩ እኔ ነኝ፤ ደብተሬንም የሰጠሁ እኔ ነኝ። እኔም መሄድ እፈልጋለሁ፣ ቲቸር።»

ስንዱ በሦስቱም ፊት ላይ ሐሰት ፈለገች፤ አላገኘችም። ውጭ ቆዩ ብላ በሩን ዘጋች። ደብዳቤውን መልሶ የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ለነገር ሁሉ ቦርሳዋ ውስጥ ዘዴ ነበራት፤ ለዚህ ግን አጣች። እስክሪብቶዋን ክፍት ቦታው ላይ አሳረፈች።

እኛም እዚሁ እንተዋት። እንግዲህ ፍረዱ፦ በሥርዓት የጠበቀው፣ በዓይኗ አይታ የጠየቀችው፣ ወይስ የራሱን ሰጥቶ ያስመለሰው? እስክሪብቶው በእናንተ እጅ ቢሆን የማንን ስም ትጽፉ ነበር? በሩን ከፍታችሁ ስትወጡስ የቀሩትን ሁለቱን ምን ትሏቸዋላችሁ?