ተጫዋቾቹን የደበቀ አሰልጣኝ

አንድ አሰልጣኝ ነበረ። ተጫዋቾቹን ይወድ ነበር፤ ስለሚወዳቸውም ደበቃቸው።

ይህን ታሪክ ለትርሲት የነገሯት ጋሽ አጥናፉ ናቸው። ጋሽ አጥናፉ በመምህራን ኮሌጁ ለብዙ ዘመን ስፖርት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ትርሲት ደግሞ አሁን የኮሌጁን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ታሠለጥናለች። ወሩ ሰኔ ነበር። ውድድሩ አልቋል፣ ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል፤ የዝውውር ወሬ ግን የሚሞቀው ያኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ የደከመችባቸው ልጆች ስልካቸው መጮህ ጀምሯል። ቅዳሜ ደግሞ የወዳጅነት ጨዋታ አለ፤ ከአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች የሚመለምል ሰው መጥቶ አማካይዋን ሊያይ ነው።

ትርሲት በጋሽ አጥናፉ በረንዳ ላይ ተቀመጠችና ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ከምንም አነሳቸዋለሁ፤ ሲደርሱ ሌላው መጥቶ ይለቅማቸዋል። በየክረምቱ እንደገና ሀ ብዬ ነው የምጀምረው። ለሰው ነው እንዴ የማሳድጋቸው? ቅዳሜ የሚመጣውን ሰው ልጅቷ እግሯን አሟታል ብዬ ብመልሰውስ ምን ኃጢአት አለው?»

ጋሽ አጥናፉ ኃጢአት ነው አላሉም፤ አይደለምም አላሉም። ስለዚያ አሰልጣኝ መናገር ጀመሩ እንጂ።

ያ ሰው የሚያሠለጥነው የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ቡድን ነበር። ኮሌጁ ተጫዋች የሚያስመጣበት አቅም የለውም። ስለዚህ አሰልጣኙ በየወረዳው ትምህርት ቤት ይዞራል፤ ሌላው ያላየውን ልጅ ያያል፤ አሳምኖ ያመጣል፤ ያስመዘግባል፤ ኳስ ማቆም ሳይቀር ያስተምራል። ልጆቹ ቀስ እያሉ ይበስላሉ። በበሰሉበት ክረምት ትልልቆቹ ክለቦች ይመጣሉ።

አንድ ክረምት አጥቂውንም፣ በረኛውንም፣ አምበሉንም አከታትለው ወሰዱበት። መስከረም ላይ ሜዳ ሲወጣ የቀሩት ልጆች በቅጡ እንኳ አይግባቡም። ያን ዓመት ተሸንፎ ተሸንፎ ጨረሰ። የኮሌጁ ዲን አስጠርቶ «አንተ ታታሪ ነህ፤ ውጤት ግን የለህም» አለው። ይህ ቃል አንጀቱን ቆረጠው። ሁለተኛ እንዲህ አያደርጉኝም ብሎ በልቡ ወሰነ።

በዚያው ዓመት አንድ አማካይ አገኘ። ዝምተኛ ልጅ ነው። ሲሮጥ ፈጣን የሚባል አይደለም፤ ሲጠልፉትም አይጮኽም። ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ግን ቀና ብሎ ያያል፤ ከዚያ ማንም ባላሰበው መንገድ ወደ ፊት ይልካታል። አጥቂዎቹ እሱ ኳስ መያዙን ካዩ ሳይጠሩት ይሮጣሉ፤ እንደሚያገኛቸው ያውቃሉና። አሰልጣኙ ይህን ልጅ ባየ ቁጥር ደስታና ፍርሃት አብረው ይመጡበት ነበር።

የፈራው አልቀረም። ሰኔ ላይ ከአንድ ትልቅ ክለብ መልማይ እንደሚመጣ ሰማ። በዋዜማው ልጁን ለብቻው ጠራው።

«ነገ ኳስ ሲደርስህ ወደ ኋላ መልስ» አለው። «ወደ ፊት እንዳትሰጥ።»

«ለምን ኮች?»

«ለቡድኑ ነው።»

ልጁ ሌላ አልጠየቀም። የሚያምነው ሰው ነው ያዘዘው።

በማግስቱ መልማዩ ጃንጥላ ይዞ መስመር ዳር ቆመ። ልጁ ኳስ ደረሰው፤ ወደ ኋላ መለሰ። እንደገና ደረሰው፤ እንደገና መለሰ። አጥቂዎቹ እንደለመዱት ሮጡ፤ ኳስ አልመጣችም። ዞረው አዩት። አሁንም ሮጡ፤ አልመጣችም። ከዚያ መሮጡን ተዉት። በእረፍት ሰዓት መልማዩ ወደ አሰልጣኙ ጠጋ አለ።

«ያ የሚወራለት አማካይ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ይበዛል» አለና መልማዩ ሁለተኛውን አጋማሽ ሳያይ ሄደ። አሰልጣኙ ያን ቀን እንደ በዓል ዋለ።

ለሌሎቹም እንዲሁ አደረገ። ስለ ግራ ተከላካዩ ለጠየቀው «ጉልበቱን ያመዋል» አለ። ስለ አጥቂው ለጠየቀው «ጠባዩ አስቸጋሪ ነው» አለ። አንድ ተጠባባቂ ተጫዋች ብቻ ልሂድ ብሎ ሲጠይቀው ምንም አላንገራገረም። ከዚህ ልጅ ብዙ አይገኝም ብሎ ያስብ ስለነበር መርቆ፣ መልካም ቃል ጽፎለት ሸኘው። ያ ልጅ በሌላ ከተማ ክለብ አገኘ። ሁልጊዜ ባይሰለፍም ተጫዋች ተባለ፤ ለበዓል ሲመጣም ለእናቱ ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። የቀሩት ልጆች አጅበው ተቀበሉት።

ክረምቱ አለፈ። ከብዙ ዘመን በኋላ ቡድኑ አንድም ዋና ተጫዋች ሳይጎድልበት መስከረም ገባ።

እዚህ ላይ ጋሽ አጥናፉ ቆም አሉና «ከዚያ ምን የሆነ ይመስልሻል?» አሏት።

«አሸነፉ?» አለች ትርሲት።

«አላሸነፉም። የሚገርመው ደግሞ አሰልጣኙ ለምን እንዳላሸነፉ ማወቅ አቃተው።»

ከልምምድ የሚቀር የለም። ሩጡ ሲባሉ ይሮጣሉ። ጠብ የለም፣ ኩርፊያ የለም። ጨዋታ ሲጀመር ግን ኳስ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ተከላካዩ ፊቱ ክፍት ሜዳ እያለለት ለበረኛው ይመልሳል። አጥቂው ግብ አፍ ላይ ደርሶ ከመምታት ይልቅ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል። ኳስ የደረሰው ሁሉ ቶሎ ከላዩ ላይ ሊያራግፋት ይሻል። አንድ ጊዜ አቻ፣ አንድ ጊዜ ሽንፈት፣ ደግሞ አቻ።

አሰልጣኙን ነገሩ ገረመው። ምግብ ይሆናል ብሎ የኮሌጁን ካፌ ለምኖ ቁርስ ላይ እንቁላል አስጨመረላቸው፤ ለውጥ የለም። ሜዳው ይሆናል ብሎ ልጆቹን ይዞ ድንጋይ ሲለቅም ዋለ፤ ለውጥ የለም። ትምህርቱ ከብዷቸው እንደሆነ መምህራኑን ዞሮ ጠየቀ፤ «ደህና ናቸው» አሉት። ተቀናቃኞቹ አንድ ነገር አስደርገውብን ይሆን ብሎ የጠረጠረበት ጊዜም ነበር፤ እሱን ግን አፍሮ ለማንም አልተናገረም።

አንድ ቀን ስብሰባ አለብኝና ልምምዱን ራሳችሁ ሥሩ ብሏቸው ሄደ። ስብሰባው ተሰረዘ። ሲመለስ በመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ በኩል ነበር የመጣው። የሕንፃው ጥግ ላይ ሲደርስ ከሜዳው ሳቅ ሰማና ቆመ።

ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው ይጫወታሉ። ግራ ተከላካዩ ኳሷን ከራሱ ግብ አጠገብ ይዞ እስከ ማዶ ይነዳታል። አጥቂው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀበልና ዞሮ ይመታል። እሱ ያላስተማራቸውን ነገር ጭምር ይሠራሉ። በዚያ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ኳስ አይቶ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ አልገባውም፤ አማካዩ ያኔም ኳስ ሲደርሰው ወደ ኋላ ይመልስ ነበር።

አሰልጣኙ ከጥጉ ወጣ። በረኛው አየው። ሳቁ ቆመ። ኳስም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች።

ሲጨርሱ ግራ ተከላካዩን ወደ ጎን ወሰደው። ይህ ልጅ የሚያስበውን በመናገር የታወቀ ነው።

«እኔ ሳልኖር የምትጫወቱትን አየሁ» አለው። «አልቆጣም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ምን አድርጌያችሁ ነው?»

ልጁ መሬት መሬት እያየ «ኮች፣ እኔ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም» አለ።

ልጁ ቀጠለ።

«ከተማ ውስጥ አንዱ መልማይ አግኝቶኝ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ አለኝ። ያኔ ገባኝ። ለልጆቹም ነገርኳቸው። እርስዎ ጎበዝ ነው ያሉት እዚህ ይቀራል፤ አይረባም ያሉትን ግን መርቀው ሸኙት። እሱ ዛሬ ክለብ አለው። እኛም ይህን አየን። እርስዎ ከመልማይ ደበቁን፤ እኛ ደግሞ ከእርስዎ ተደበቅን።»

አሰልጣኙ እንደተናገረው አልተቆጣም። ያን ያህል ጊዜ ሲፈልገው የነበረውን ምክንያት ማግኘቱ መጀመሪያ ቀለል አደረገው፤ እፍረቱ የመጣው ቆይቶ ነው።

«አማካዩስ?» አለ። «እሱ እኔ ሳልኖርም ያው ነው።»

«እሱን ራሱን ይጠይቁት» አለ ተከላካዩ።

አማካዩን ማደሪያው ደጃፍ ላይ ማሊያውን እያጠበ አገኘው። አሰልጣኙ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«አንተም ከእኔ እየተደበቅህ ነው?»

«አይደለም ኮች።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ወደ ፊት የማትሰጠው?»

ጥያቄው ልጁን ግራ አጋባው። «ለቡድኑ ነው ብለውኝ ነበር» አለ። «ከዚያ ወዲያ ተው ያለኝ የለም።»

አሰልጣኙ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ መልማዩ ወዳለበት ከተማ ሄደ። በክለቡ ሜዳ ዳር ቆሞ አገኘውና ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ ተናገረ።

«ዋሽቼሃለሁ። ያን አማካይ ወደ ኋላ ብቻ ስጥ ያልኩት እኔ ነኝ። መጥተህ እንደገና እያቸው፤ ሁሉንም።»

መልማዩ ትክ ብሎ አየው። «የሚዋሸኝ ብዙ ነው» አለ። «ዋሽቼሃለሁ ብሎ የመጣ ግን አላጋጠመኝም። አንተ ከዚህ ምን ታገኛለህ?»

«ልጆቹ ኳስ መጫወት ትተዋል» አለ አሰልጣኙ።

መልማዩ መጣ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አሰልጣኙ ልጆቹን ሰብስቦ መልማዩ ባለበት ተናገረ። «ይህን ሰው ያመጣሁት እኔ ነኝ። የምትችሉትን ሁሉ ተጫወቱ። የሚወስደውን ይውሰድ፤ የሚሄደውን እኔ ራሴ እሸኘዋለሁ።» ከዚያ ወደ አማካዩ ዞረ። «ያልኩህን ተወው። ወደ ፊት ስጥ።»

የመጀመሪያዋን ኳስ ልጁ ወደ ኋላ መለሳት፤ እግሩ ለምዶ። የሚቀጥለዋንም መለሰ። ቆይቶ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየና ወደ ፊት ላካት። ጥሩ ኳስ ነበረች፤ ነገር ግን የሮጠላት የለም። አጥቂዎቹም ረስተውት ነበር። ኳሷ ብቻዋን ተንከባልላ ወጣች። አጥቂው የወጣችበትን ቦታ ቆሞ አየ። በሚቀጥለው ጊዜ አማካዩ ኳስ ሲይዝ ሮጠ።

መልማዩ የዚያን ቀን ግራ ተከላካዩንና አጥቂውን መረጠ። ስለ አማካዩ ሲጠየቅ «እግሩ ያውቃል፤ ግን ያመነታል። ከርሞ ልየው» አለ። አሰልጣኙ ይህን ሲሰማ ፊቱን አዞረ። ከልጁ ዕድሜ አንድ ዓመት በእሱ ቃል እንደጠፋ አወቀ። ልጁ በኋላ ሄዷል፤ ግን ዘግይቶ፣ ያነሰ ክለብ ነው የደረሰው።

«ከዚያስ፣ ዋንጫ በላ?» አለች ትርሲት።

«አልበላም። ቡድኑም በየክረምቱ መፍረሱን አልተወም» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «ነገር ግን መስከረም ሲጠባ ከማያውቃቸው ወረዳዎች ልጆች እየመጡ እዚህ ኮሌጅ ነው መመዝገብ የምንፈልገው ይሉት ጀመር። ድሮ እሱ ነበር እየዞረ የሚፈልጋቸው። ምን አመጣችሁ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ እዚህ የጎበዘ አይታሰርም ሲባል ሰምተን ነው አሉት። እዚያ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ ወደ ፊት የሚጫወት ቡድን ነበረው፤ በየዓመቱ ሌላ ቢሆንም።»

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ትርሲት አዞሩ።

«የአንቺም ነገር እንደዚያ ሰው ነው፣ ልጄ። ልጅቷን አሟታል ብትዪው መልማዩ ያምንሻል፤ ይሄዳል። የሚሰማሽ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሌሎቹም ይሰማሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዛቸው አንድ በአንድ መታመም ይጀምራሉ፤ አንቺም ምን ነካቸው እያልሽ ዓመቱን ትጨርሻለሽ። ለሰው ነው እንዴ የማሳድጋቸው ብለሽኛል። አዎ፣ ለሰው ነው። አንቺ ዘንድ እስካሉ ድረስ ያላቸውን ሁሉ የሚያወጡልሽ ግን፣ የመሄጃቸው ቀን ሲደርስ በሩ ላይ እንደማትቆሚባቸው ካመኑ ነው።»

ትርሲት ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች።

«ለልጅቷ ነግረሻታል እንዴ፣ እንድታነክስ?» አሏት።

«ትናንት ነገርኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«እሺ ነው ያለችኝ፣ ጋሼ። ምንም አልጠየቀችኝም።»

ጋሽ አጥናፉ ጃኬቷን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ሰጧት።

«እንግዲያው ቅዳሜን አትጠብቂ» አሏት። «አሁኑኑ ወደ ልጅቷ ሂጂ።»