አያ ጅቦና ሰያፉ ምላጭ

አንድ ጊዜ ከገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ አያ ጅቦ ከሚስቱና ከአንዲት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ልጅቱ ገና ጥርሷን አውጥታ አልጨረሰችም። ድንቡሼ ይሏታል። አያ ጅቦ በዓለም ላይ የሚወደው ሁለት ነገር ነው፤ አጥንትና ድንቡሼን። አጥንቱን ፈልጎ አያጣውም። ድንቡሼ ግን ሊስማት ሲጠጋ ፊቷን ታዞርበታለች።

«ውይ አባዬ፣ ይወጋል!»

«ምኑ ነው የሚወጋው?»

«ጢምህ ነዋ! እሾህ!» ትልና ከእናቷ ሆድ ሥር ትወሸቃለች።

እናቷ ትስቃለች። አያ ጅቦ አይስቅም። ጅብ ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው። «ልጄ ጠላችኝ» ብሎ አሰበ። ጢሙን አጥፍቶ ጉንጯን እስኪጠግብ ሊስማት ቆርጦ ተነሣ።

የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ወንዝ ዳር፣ ቀበሮ ጢም መላጨት ጀምሯል ይባላል። መንገደኞች ረስተውት የሄዱትን መላጫ አግኝቶ ነው። አንዴ ለመላጨት ሥጋ ያልተለየው አንድ አጥንት ይቀበላል።

«አያ ጅቦ! ይሄ ጢም ነው ወይስ የጎጆ ክዳን?» አለ ቀበሮ ገና ከሩቅ ሲያየው።

«አትቀልድ። ልጄን የማይወጋ ፊት አውጣልኝ።»

ቀበሮ መላጫውን አመጣ። አያ ጅቦ አገላብጦ አየው። እጀታው ቀጥ ያለ ነው። ምላጩን የያዘው ጫፉ ግን ወደ ጎን ዘመም ብሏል።

«ይሄማ ጠማማ ነው። ወድቆብህ ነው እንዴ?»

«አልወደቀም። ሲሠራም ሰያፍ ነው።»

«ሰያፊ?» አያ ጅቦ አንገቱን በመዳፉ ሸፈነ። «እኔ ጢሜን እንጂ አንገቴን ቁረጥልኝ አላልኩህም!»

«ኧረ ሰያፍ ነው ያልኩህ! ዘመም ያለ። ቀጥ ያለ ምላጭ ጢሙን ይገፋዋል፣ ይጎትተዋል። ይሄ ግን እንደ ማጭድ ሸርተት እያለ ያጭዳል። ሕጉ አንድ ነው፤ አይጫኑትም። የራሱ ክብደት ይበቃዋል።»

ቀበሮ እንዶድ ወቅጦ አረፋ አስነሣ። ጢሙን አራሰና እስኪለሰልስ ጠበቀ። ከዚያ ከጆሮው ሥር ጀምሮ፣ አጠር አጠር እያደረገ፣ ጢሙ በበቀለበት አቅጣጫ ወደ ታች ላጨው። ምላጩ ሽር ሽር ይላል። አያ ጅቦን ምንም አላመመውም።

«ጨረስን» አለ ቀበሮ። «ቆዳው ይረፍ። ከሦስት ቀን በኋላ ብቅ በል።»

አያ ጅቦ ጉንጩን ዳሰሰ። ለስልሷል። ጅብ ግን ያገኘው አይበቃውም። ወደ ላይ ሲዳስሰው ትንሽ ሻከረበት።

«ገና ነው። ድገመኝ።»

«ዛሬ ከተደገመ ቆዳህ ይቆጣል።»

«አምጣ፣ እኔው እላጫለሁ!»

መላጫውን ነጠቀ። አረፋ ሳይቀባ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በሙሉ ክንዱ ተጭኖ ሳበው። ምላጩም እንደተባለው አጨደ፤ ጢሙን ከነቆዳው።

ቀበሮ ቁስሉ ላይ ቅጠል ለጠፈለት። በልቡ ግን ገና የሚመጡትን አጥንቶች እያሰበ ነበር። «ልጅህ በዚህ ፊት ካየችህ ትደነግጣለች። እዚሁ ሆነህ ይሻርልህ» አለው።

አያ ጅቦ እውነት መሰለው። ወንዝ ዳር ሰነበተ።

በአራተኛው ቀን ቁራ መጣ።

«ሚስትህ ልካኝ ነው። ድንቡሼን አተኩሷታል። ቶሎ ና ብላሃለች።»

አያ ጅቦ ብድግ አለ። ከዚያ ፊቱን ዳሰሰ። ቅርፊቱ አልወደቀም።

«ነገ እመጣለሁ በላት። አምሬ እመጣለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ቅርፊቱ ወደቀ። አዲሱ ጢም ግን ብቅ ብቅ ብሏል። ቀበሮ እንደገና አራሰው፣ እንደገና ላጨው። ሊጨርስ ሲል ቁራ ተመለሰ።

«ድንቡሼ እየጠራችህ ነው።»

«እየጨረስኩ ነው። አንዲት ቦታ ቀርታኛለች፣ ከአገጬ ሥር።»

ቁራ ላባውን ነፋ። «አየህ አያ ጅቦ፣ ሄዶ የሚቀረውን ሁሉ ‹የቁራ መልእክተኛ› ትሉታላችሁ። ይኸው እኔ ሁለቴ ተመላለስኩ። ሄዶ የቀረው አንተ ነህ።»

ይህን ጊዜ ቀበሮ እንኳ መላጫውን አስቀመጠ። እሱም ልጆች አሉት።

«ሂድ ወንድሜ። አጥንትህም ይቅርብኝ። ለስልሷል እኮ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ» ብሎ ለመነው አያ ጅቦ። «ዳግመኛ ‹ይወጋል› እንዳትለኝ።»

ቀበሮ ላጨው። በዚህኛው ጊዜ አያ ጅቦ አልነጠቀም፣ አልቸኮለም። ትንፋሹን ይዞ ተቀመጠ። ፊቱ ወንዝ ሲያጥበው የኖረ ድንጋይ መሰለ። ውኃው ውስጥ ራሱን አይቶ ፈገግ አለ። ከዚያ ሮጠ።

ሲደርስ ጎረቤት ከዋሻው ደጅ ተሰብስቧል። ከርከሮ አንገቱን ደፍቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጃርት ልጇን ከነእሾኋ አቅፋ ይዛለች። አህያ እንኳ መጥቷል፤ ከገደሉ ማዶ ቆሞ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል።

በዚያ አገር ልጅ የሞተበት አባት ጢሙን አይነካም። ያሳድገዋል። አርባው ሲወጣ ሽማግሌዎች መጥተው ያስላጩታል። ሁሉም ዞረው የአያ ጅቦን የሚያበራ ጉንጭ አዩ። አህያ ብቻ፣ ክፋት ሳያስብ፣ ከማዶ ጮኸ።

«አያ ጅቦ፣ የማን ሠርግ ነበር?»

አያ ጅቦ ወደ ሚስቱ ሄደ።

«ተላጭቼ መጣሁ» አላት። «አሁን አይወጋም።»

ሚስቱ የለሰለሰ ጉንጩን በመዳፏ ዳሰሰች።

«አንተ ጅብ» አለች ቀስ ብላ። «‹ይወጋል› ስትልህ ትስቅ ነበር እኮ። ከሆዴ ሥር ተወሽቃ፣ መጥተህ እንድትወጋት ነበር የምትጠብቅህ። ከታመመች ጀምሮ ‹የሚወጋው አባዬ የታለ?› እንዳለች ነበር። ዛሬ ረፋዱ ላይ ከዋሻው ጥግ ያለውን ሻካራ ድንጋይ ፈልጋ ጉንጯን አስጠጋችበት። እዚያው እንዳለች አለፈች።»

አያ ጅቦ ድንጋዩ አጠገብ ተንበረከከ። የለሰለሰ ጉንጩን አሳረፈበት። ድንጋዩ ወጋው።

አርባው ሲወጣ ከርከሮና ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ። ቀበሮም መላጫውን ይዞ፣ አፍሮ፣ ከኋላ ቆሟል።

«በቃህ አያ ጅቦ» አሉት። «ሐዘን ልክ አለው። ጢምህ ይላጭ።»

«ይቆይ» አላቸው። «በሱ ነው የምታውቀኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የጅብን ጢም ምላጭ ነክቶት አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚወደን የሚጠብቀው ነገ የምናሳምረውን ፊት ሳይሆን ዛሬ ያለንን ነውና፣ ሲጠሩን ከነሻካራ ጉንጫችን መሄድ እንዳለብን ነው።