ንፋስን የከሰሰው አህያ

በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ የአያ አህያ ጎጆ የሣር ክዳን ጠፍቶ ተገኘ። ማገሩ አለ፣ ወራጁ አለ፣ ሣሩ የለም። ይህ የሆነው እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን ነው። እናንተ ጆሮ ስጡኝ፤ እኔ የሆነውን ብቻ እነግራችኋለሁ።

በጎጆው ውስጥ በዚያው ሰሞን የተወለደች ውርንጭላ ነበረች። ብርዱ ያንቀጠቅጣታል።

«ተነሥ፣ ሣር እንጨድ» አለች እናቷ፣ እመት አህዪት።

«አላጭድም» አለ አያ አህያ። «ክዳኔን የወሰደው ንፋስ ነው። ከስሼ አስመልሰዋለሁ። ፍርድ ሳላገኝ አንዲት ሰበዝ አላነሣም።»

ጎረቤታቸው እመት ኤሊ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«አያ አህያ፣ ንፋስን ታዝዘዋለህ?»

«አላዝዘውም።»

«እግርህንስ?»

«እግሬንማ አዝዘዋለሁ።»

«እንግዲያው ወደ ሣሩ እዘዘው።»

«ቤትን በጀርባ ተሸክሞ መምከር ቀላል ነው፣ እመት» አለ አያ አህያ፤ ሄደም።

በዚያ አገር ከሳሽ የልብሱን ጫፍ ከተከሳሹ ልብስ ጋር ይቋጥራል። ሁለቱ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ ተከሳሽ እንዳያመልጥ ነው። አያ አህያ ልብስ ስለሌለው ጅራቱን አዘጋጀ። የንፋስን ጫፍ ማግኘት ግን አስቸገረ።

መጀመሪያ ጅራቱን ከአቧራ ጋር ሊቋጥር ሞከረ። አቧራው ተኛ፤ እሱ አነጠሰ።

ቀጥሎ ንፋስ ይዞት ከሚሄድ ቅጠል ጋር ቋጠረ። ቅጠሉ ወደቀ፤ ፍየል በላችው። «ተከሳሽህ ይጣፍጣል» አለችው።

በሦስተኛው አሮጌ አቅማዳ አፉን ከፍቶ ኮረብታ ላይ ቆመለት። ንፋስ ገባ፤ የአቅማዳው ሆድ ተነፋ።

«ያዝኩት» አለ አቅማዳ። «ቶሎ እሰረኝ፣ ይኮረኩረኛል።»

አያ አህያ የአቅማዳውን አፍ በጅራቱ አሰረና እየጎተተ ዋርካ ሥር ደረሰ። ዳኛው አባ በሬ እያመሰኳ ተቀምጧል።

«ተከሳሽ የታለ?»

«ሆዴ ውስጥ ነው፣ ጌታዬ» አለ አቅማዳ።

«ይውጣና ቃሉን ይስጥ።»

የአቅማዳው አፍ ተፈታ። ፍስስስ የሚል ድምፅ ተሰማ። አቅማዳው ተጨማደደ።

«አምኗል ወይስ ክዷል?» አለ አባ በሬ።

«ሄዷል፣ ጌታዬ» አለ አቅማዳ።

አባ በሬ ረጅም ጊዜ አመሰኳ። «ቀጠሮው ተከሳሽ ሲመጣ ነው። እስከዚያ ከሳሽ ከአቅማዳው ጋር ቁራኛ ሆኖ ይቆይ።»

አያ አህያ ባዶ አቅማዳ በጅራቱ እየጎተተ ቤቱ ገባ። ውርንጭላዋ ትስላለች። ሰማዩ ጠቁሯል። እመት አህዪት ብቻዋን ሣር ታጭዳለች።

«አያ አህያ፣ ከንፋስና ካንተ የታሰረው ማን ነው?» አለች እመት ኤሊ።

አያ አህያ ዞሮ ጅራቱን አየ። ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታና ወደ ሣሩ ሄደ። አጨዱ፣ ተሸከሙ፣ ከደኑ። የመጨረሻው ነዶ እንደተሰካ ያለወቅቱ የመጣው ዝናብ ወረደ። ውርንጭላዋ ሳትረጥብ ተኛች። አገሩ ሁሉ የእመት ኤሊን ጥበብ አደነቀ። አያ አህያም ደጁ ላይ ቆሞ፣ «ንፋስ ሆይ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። ንፋስ አልሰማም።

በተከታዩ ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ግን በዚያ አገር ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እንዲያም ሆኖ ከክዳኑ እኩሌታው ጠፋ። እመት አህዪት ጎሕ ሲቀድ ወጥታ አየች። አያ አህያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ ተጨፍኗል፤ ያንኮራፋል። አንገቱ እስከ ክዳኑ ጫፍ ተዘርግቷል፤ አፉ ያላምጣል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር፣ «ክዳኑን የበላ ንፋስን ይከሳል» ይባላል።