እጁን የደበቀው ዛኩርና አውራ በጉ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁም ወደ ፊት እለፉ፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። እኔ ላውራ፣ እናንተ «ከዚያስ?» በሉኝ።

በድሮ ዘመን፣ በግም ካራም ድንጋይም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ጊዜ፣ በእስራኤል አገር፣ በኤፍሬም ተራሮች መካከል ዛኩር የሚባል በግ አርቢ ይኖር ነበር። ሚስቱ ሚልካ ትባላለች። አንድ ዓመት ሚልካን ንዳድ ያዛት። ሰውነቷ ነደደ፤ እህል አልቀምስ አለች፤ በመጨረሻም ባሏን እንኳ ለይታ ማወቅ አቃታት። ዛኩር መሬት ላይ ተደፍቶ፣ «አምላኬ ሆይ፣ ሚልካን ከአልጋዋ አንሣልኝ። ከመንጋዬ ምርጡን አውራ በግ ይዤ ፊትህ ቆሜ አመሰግንሃለሁ» አለ።

ሚልካም ዳነች። መጀመሪያ ውሃ ጠጣች፤ ቀጥሎ ወተት ጠጣች፤ ከዚያ ብድግ ብላ፣ «ይህን ቤት እንዲህ ያዝረከረከው ማነው?» ብላ ተቆጣች። ዛኩር ቁጣዋን ሲሰማ በደስታ አለቀሰ።

ከዚያስ? ከዚያማ ዛኩር ወደ መሠዊያው መሄድ ፈራ። ለምን እንደፈራ ልንገራችሁ።

ዛኩር ኤሊዳድ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። አባታቸው የቆፈሩላቸው አንድ ጉድጓድ ነበር፤ የሁለቱም መንጋ ከዚያ ይጠጣል። በድርቅ ጊዜ ውሃው ሲቀንስ ወንድማማቾቹ ተጣሉ። ዛኩር ተናደደና ከዳገቱ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ በእጁ ገፍቶ አንከባለለ፤ የጉድጓዱንም አፍ ዘጋው። እሱ ከቤቱ በታች ምንጭ ነበረው። ኤሊዳድ ግን ሌላ ውሃ አልነበረውም። የኤሊዳድ ግልገሎች በውሃ ጥም አለቁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

በዚያ አገር ደግሞ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የምስጋና መሥዋዕት ያመጣ ሰው በእንስሳው ራስ ላይ እጁን ይጭናል። ራሱ ያርዳል። ካህኑ ደሙን ተቀብሎ በመሠዊያው ዙሪያ ይረጫል። ስቡን ደግሞ ባለ መሥዋዕቱ በገዛ እጁ ተሸክሞ ያቀርባል። ዛኩር ይህን አሳምሮ ያውቃል። «በየትኛው እጄ?» ይላል ለራሱ። «ያን ድንጋይ በገፋሁበት እጄ?»

ስለዚህ አሽከሩን ጌራን ጠርቶ፣ «አውራ በጉን ይዘህ ሂድልኝ። ጌታዬ ሥራ በዝቶባቸው ነው በል» አለው።

ጌራ በጉን እየጎተተ ሄደ። የመሠዊያው ግቢ በር ላይ ሲደርሱ በጉ አራቱንም እግሮቹን ተክሎ ቆመ።

«ጌራ፣ ሚልካ ያንተ ሚስት ናት?» አለ በጉ።

«ኧረ የጌታዬ ናት!»

«ስትታመም መሬት ላይ የተደፋኸው አንተ ነህ?»

«ጌታዬ ናቸው።»

«ታዲያ እጅህን ራሴ ላይ ጭነህ ምን ልትል ነው?»

ጌራ ራሱን አከከ። «እኔ እንጃ» አለ።

ካህኑ ዮያሪብ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበርና ሳቁ። «በጉ እውነቱን ነው። ይህ ሰው ተልኮ የሚፈጽመው ነገር አይደለም፣ ልጄ። ለጌታህ ንገረው፤ ራሱ ይምጣ» አሉት።

ጌራና በጉ ተመለሱ።

ከዚያስ? ዛኩር አፈረና በሁለተኛው ጊዜ ራሱ ሄደ። ነገር ግን ሁለት እጆቹን ካባው ውስጥ ደብቋል፤ በጉ ያለ ገመድ ከጎኑ ይራመዳል። መሠዊያው ፊት ሲቆሙ ካህኑ ዮያሪብ፣ «እንኳን ደህና መጣህ። በል እጅህን ጫንበት» አሉት።

«አባቴ፣ የእርስዎ እጅ የተቀደሰ ነው። እርስዎ ይጫኑበት፣ እርስዎም ይሠዉት። እኔ እዚህ ዳር ቆሜ አያለሁ።»

ገበታው ላይ የተቀመጠው ካራ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ለማየት የሚመጣማ ወፉም ይመጣል!» አለ። «የካህኑ እጅ የራሱ ሥራ አለው። ደሙ የእሱ ነው፤ እሳቱ የእሱ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ባለ ምስጋናው ነው።»

በጉም ቀና ብሎ አየውና፣ «ዛኩር፣ ከዚህ ቦታ እንደማልመለስ አውቃለሁ፤ ለዚያም አልከፋኝም። የሚከፋኝ የማንም ሳልሆን ብሄድ ነው። እጅህን ጫንብኝና ያንተ መሆኔ ይታወቅ» አለው።

ዛኩር እጁን ቀስ አድርጎ አወጣ። ጣቶቹ ጸጉሩን ነካ እንዳደረጉ እጁን መልሶ ሸሸገ። ከዚያ እያለቀሰ የጉድጓዱን ነገር ለካህኑ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

ካህኑ አልተቆጡትም። «እጅህን እዚህ መደበቅ ምንም አይጠቅምህም» አሉት። «በእሱ ያበላሸኸውን በእሱ አስተካክልና ተመለስ። እኔ እጠብቅሃለሁ።»

«ሣር ካለ እኔም እጠብቃለሁ» አለ በጉ።

ዛኩር በጉን ለካህኑ ትቶ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ድንጋዩ እንዳለ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን አረም በቅሎበታል። ዛኩር ካባውን ጥሎ ገፋው። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም።

«ያን ጊዜ ስትገፋኝ ዳገቱ አግዞህ ነበር» አለው ድንጋዩ። «አሁን ማን ያግዝህ?»

ዛኩር በትከሻው ገፋ፤ በጀርባው ገፋ። መዳፉ ተላጠ። ድንጋዩ ግን ያው ነው።

«ብቻህን አታነሣኝም። ጥራው» አለ ድንጋዩ።

«አይመጣልኝም።»

«ጠርተኸው ታውቃለህ?»

ዛኩር ጠርቶት አያውቅማ! ከዚያ ፊቱን ወደ ማዶው ኮረብታ አዙሮ፣ «ኤሊዳድ!» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። «ኤሊዳድ!» መልስ የለም። በሦስተኛው ስሙን ትቶ፣ «ወንድሜ!» አለ።

ኤሊዳድ ዱላውን እንደያዘ ከኮረብታው ወረደ። ፊቱ ጠቁሯል። ዛኩር አልሸሸም።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለ ኤሊዳድ።

«ግልገሎችህን የፈጀሁት በዚህ እጄ ነው። ሕይወታቸውን መመለስ አልችልም። ከመንጋዬ መርጠህ ተካ፤ ከዚያም በላይ ውሰድ። ይህን ድንጋይ ግን አብረን እናንሣው፤ ብቻዬን አቃተኝ።»

«ይህን ያህል ዘመን ዝም ብለህ ለምን ዛሬ?»

«ሚልካ ታማብኝ ነበር። ልትሞት ደርሳ ነበር።»

ኤሊዳድ ደነገጠ። «ሚልካ? ሚልካ ታማ እኔ ሳልሰማ? አሁንስ እንዴት ናት?»

«ድናለች። ተነሥታ ቤቱን እያተራመሰችው ነው።»

ኤሊዳድ ሳቁ አመለጠው፤ ሳቁን ተከትሎም እንባው መጣ። ዱላውን ወዲያ ጣለና፣ «በል ትከሻህን አስጠጋ» አለ።

ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ላይ ገፉ። ድንጋዩ ቃተተ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያም ግልብጥ አለ። «እፎይ!» አለ። «እኔስ እዚህ መቀመጥ መች ወድጄ?» ከሥር ያለው ውሃ ፀሐይ አይቶ ብልጭ አለ። ሁለቱም በእፍኛቸው እየቀዱ ጠጡ።

ከዚያስ? በማግስቱ ዛኩር ሚልካን፣ ኤሊዳድንና ሁለቱን ቤተሰብ ሁሉ ይዞ ወደ መሠዊያው ወጣ። ካባውን አልለበሰም። የተላጠ መዳፉን በአውራ በጉ ራስ ላይ ጫነ።

«ጠበቅ አድርገህ ጫን» አለው በጉ።

ዛኩር ጠበቅ አድርጎ ጫነና እንዲህ አለ፦ «አምላኬ ሆይ፣ እኔ ዛኩር ነኝ። ሚልካን አነሣህልኝ፤ ወንድሜን መለስክልኝ። ይህ በግ የእኔ ነው። ምስጋናውም የእኔ ነው።»

ከዚያ ካራውን ያዘ። በጉ ዓይኑን ጨፈነ፤ ነገሩም ፈጥኖ አለቀ። ካህኑ ዮያሪብ ደሙን ተቀብለው በመሠዊያው ዙሪያ ረጩ። ዛኩር ቆዳውን ገፈፈ፤ ስቡን በሁለት እጁ አቅርቦ ለካህኑ ሰጠ። ካህኑም እሳቱ ላይ አኖሩት።

እሳቱ እየተንጣጣ፣ «ይህ የማነው?» ሲል ጠየቀ።

«የእኔ ነው!» አለ ዛኩር።

«እንግዲያው አደርሰዋለሁ» አለ እሳቱ፤ ጢሱም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

ካህኑ ድርሻቸውን ፍርምባውንና ወርቹን ወሰዱ። የቀረው ሥጋ ተቀቅሎ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። የምስጋና ሥጋ ደግሞ አያድርም፤ በዚያው ቀን ተበልቶ ያልቃል። ሚልካ ድስቱን አይታ፣ «ለሁለት ቤተሰብ ብዙ ነው» አለች። ዛኩርም ተነሥቶ መንገድ ላይ ወጣና ያገኘውን ሁሉ ጠራ። እንጨት ለቃሚው መጣ፤ መንገደኛው መጣ፤ ከኤሊዳድ ጎን ተቀምጠው በሉ።

ከመንደሩ ጫፍ ሐጊት የምትባል እግሯ የማይራመድ አሮጊት ነበረች። ጌራ ሥጋ በሳህን ይዞ፣ «ጌታዬ፣ ለእሷ እኔ ላድርስላት» ሲል ዛኩር ሳህኑን ከእጁ ተቀበለው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰና ደጃፏ ላይ ተንበርክኮ አቀረበላት። ዓይኗ ስለደከመ አላወቀችውም።

«ተባረክ ልጄ! ማነው የላከህ?» አለችው።

«ማንም አልላከኝም፣ እናቴ» አለ ዛኩር። «ራሴ ነኝ ያመጣሁት።»

እንግዲህ የእኔ ወሬ እዚህ ላይ አበቃ። ይህን የሰማ ሁሉ ይህን ያስብ፦ ፈጣሪ ፊት ሲቀርቡ ሰው ልኮ አይሆንም፤ ያጠፋ እጅም ቢሆን አስተካክሎ ከመጣ ይቀበለዋል። እኔ የያዝኩትን ሰጠኋችሁ፤ እናንተም ቤታችሁ ገብታችሁ ላልሰማው ንገሩ።