የለምዱ ቀዳዳ

ግራዝማች ወንድይፍራው ጠመንጃ ማወዳደር ከጀመሩ፣ ወጡ ቢበርድም አያባሩም ነበር። «አምና ገደልኩት» የሚሉትን ነብር ቆዳ ለምድ አሰፍተው፣ እሱን ደርበው በየግብዣው ይጎማለላሉ።

አንድ ቀን በሠርግ ዳስ ውስጥ፣ «ወፍራም ጥይት ለአደን፣ ቀጭን ጥይት ለጠላት የሚባለው የባላገር ወሬ ነው» አሉ። «የኔ ምንሽር ጥይቱ ትንሿን ጣቴን አያህልም፤ ይህን ነብር የጣለው ግን እሱ ነው!»

ከዳሱ በር ሥር አንድ ሽማግሌ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃውን ታቅፎ ተቀምጧል። ፍየሎቹን ከአውሬ፣ ራሱንም ከሽፍታ የሚጠብቀው በዚያችው ነው። ግራዝማች ደግሞ ለዘበኛቸው ተመኝተዋታል።

«አንተ! የኔ ምንሽር ይሻላል ወይስ ያንተ ውጅግራ?» አሉት። «የኔ ይሻላል ካልክ፣ ያንተ ምን ይሠራልሃል? አስረክብ። ያንተ ይሻላል ካልክም የተሻለው ለጌታ ነው፤ አስረክብ!»

ዕድምተኛው በሳቅ አውካካ።

ሽማግሌው ከጉያው አንድ የውጅግራ ጥይት አወጣ፤ አውራ ጣት ያህላል።

«እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ» አለ ቀስ ብሎ። «የሚያውቀው ትከሻዎ ላይ ያለው ነብር ነው። ይቺ ለምድዎ ላይ ባለው የጥይት ቀዳዳ ካላለፈች ውጅግራዬን ይውሰዱ። ልሞክራት?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ግራዝማች ሳያስቡት የለምዱን ቀዳዳ በመዳፋቸው ከደኑ።

«እንግዲህ ያስቡበት» አለ ሽማግሌው። «አምና ነብሬን ወሰዱ። ዘንድሮ ጠመንጃዬን ከወሰዱ፣ ለከርሞ ማን ይገድልልዎታል?»