በፒን ፋንታ የገባው ሚስማር

በአንድ ወቅት፣ ስሙን ብነግራችሁ በማይጠቅማችሁ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ዕቃ ቆጣሪ ነበሩ። ሸምሱ፣ ገረሱና ደምለው የሚባሉ የቀን ሠራተኞችም ነበሩ። ሦስቱም በየማለዳው በር ላይ ቆመው «ዛሬስ እንጠራ ይሆን?» እያሉ ስድስት ዓመት የኖሩ ናቸው። መጨረሻ ላይ ፍርድ ስለምጠይቃችሁ ደህና አድርጋችሁ ስሙኝ።

ሸምሱ ከኮንቴይነር ውስጥ የጄኔሬተር ሳጥን በፓሌት ጃክ፣ ያው በእጅ በሚጎተተው ማንሻ፣ እያወጣ ነበር። ደንቡ ቆጣሪዋ ቀድመው ይውጡ ነው። እትዬ ዘነቡም ከሳጥኑ ጀርባ ሆነው «ቆይ፣ ቁጥሩን ጽፌ ልውጣ» ብለውታል። እሱ ግን ምሳ ሰዓት ደረሰ ብሎ ጎተተው። ልክ በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ቋ! አለ። የጃኩ ጎማ ወለቀ፣ ሳጥኑ ዘመመ፣ በሩንም ግጥም አድርጎ ዘጋው።

ሴትዮዋ ውስጥ ቀሩ። ብረቱ በፀሐይ ግሏል፣ እሳቸው ደግሞ አስም አለባቸው። «ልጆቼ፣ አየር አጠረኝ!» አሉ። ከባድ ጭነት የሚያነሳው ፎርክሊፍት ለጥገና ጋራዥ ገብቷል። ሥራ አስኪያጁ ጭንቅላቱን ይዞ «እሳቸውን ያወጣ ከነገ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነው!» አለ። ክፍት የሥራ ቦታ ያለው አንድ ብቻ ነው።

ሰዉ ተረባርቦ ጃኩን ሊጎትት ሲል ገረሱ ጮኸ።

«ተዉ! አትንኩት! ጎማውን ይዞት የነበረው ፒን ሳይሆን ሚስማር ነው፣ እሱ ነው የተሰበረው። ባለፈው ሳምንት የከተትኩት እኔ ነኝ። ከጎተታችሁት ሳጥኑ እሳቸው ላይ ይወድቃል!»

እዚያ ቤት ፒን ሲሰበር ሚስማር የማይከት የለም። ፒን በማመልከቻ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ጃኩ ከቆመ ደግሞ የቀን ሠራተኛ አይጠራም። ቢሆንም ይህን በአለቃው ፊት መናገር የገዛ እንጀራን ገመድ መበጠስ መሆኑን ገረሱ ያውቅ ነበር።

ደምለው ኪሱን ዳሰሰ። በራሱ ገንዘብ የገዛው ትክክለኛ ፒን እሱ ጋ አለ። ያን ሰሞን ገረሱ «አውሰኝ» ቢለው «ሂድ ወዲያ! የወሰድከውን መቼ መልሰህ ታውቃለህ?» ብሎት ነበር። አሁን ፒኑን አወጣና መዶሻ አነሳ።

ፒኑ እንዲገባ ግን ጭነቱ በብረት ዘንግ ከፍ ተደርጎ፣ አንድ ሰው እጁን ከሥር ሰዶ ጎማውን መያዝ ነበረበት። ሸምሱ «እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው» አለና በደረቱ ተኛ። ደምለው መምታት እንደጀመረ ዘንጉ ሸተት አለ። የሸምሱ ጩኸት እስከ ዋናው በር ተሰማ፤ እጁን ግን ፒኑ እስኪገባ አላወጣም። ሁለት ጣቶቹ እዚያው ቀሩ።

ጃኩ ቀና አለ፣ ሳጥኑ ተሳበ፣ እትዬ ዘነቡም እየተንገዳገዱ ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ እትዬ ዘነቡን ጠራቸውና «የታፈኑት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ይምረጡ» አላቸው። ሦስቱም ፊታቸው ቆሙ።

«እኔ ዝም ብል ኖሮ ሳጥኑ ይጨፈልቅዎት ነበር» አለ ገረሱ፣ መሬት መሬት እያየ።

«የኔ ፒን ባይኖር እስካሁን እዚያው ነዎት» አለ ደምለው።

ሸምሱ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አሳያቸው።

እትዬ ዘነቡ አንዱን ያዩና «ያዳነኝ ይሄ ነው» ይላሉ፤ መልሰው ያዩትና ደግሞ «ለዚህ ያበቃኝስ ይኸው አይደል?» ይላሉ። «ወይ የኔ ጣጣ! ከዚያ አውጥታችሁ እዚህ ቆለፋችሁብኝ እኮ!» አሉ። ማንንም ቢመርጡ ሁለቱ ነገም በር ላይ ይቆማሉ። እሳቸውም በየማለዳው የሚገቡት በዚያው በር ነው።

እኔ ስንቴ አውጥቼ አውርጄ አቃተኝ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሥራው የሚገባው ለማን ነው?